ተያዥ ማን ይሁናቸው? ከማሳደጊያ ስለሚወጡ ወጣቶች

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገረው በሕፃናት ማሳደጊያ አድገው፣ ዕድሜያቸው 18 ሲሞላ ከግቢው ወጥተው በራሳቸው መኖር ስለሚጀምሩ ወጣቶች ነው። ስለ ሕፃናቱ ብዙ ይባላል። በየበዓሉ ዳቦና ልብስ ይዘን እንጠይቃቸዋለን፣ አብረናቸው ፎቶ እንነሣለን። ካደጉ በኋላ ግን የት እንደገቡ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የት ይገባሉ? ማንስ ይቀበላቸዋል? ዛሬ እሱን እናንሣ።

ከገላን ኮንዶሚኒየም እንጀምር። ገላን በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ከቃሊቲ አልፎ በስተደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በታክሲና በአውቶቡስ ነው የሚኬደው። መሐል ከተማ ቤት መከራየት ያልቻለ ወጣት ወደዚህ ዳርቻ ይወጣል። ሥራም በቅርብ ይፈልጋል፤ አቃቂና ቃሊቲ ከድሮ ጀምሮ የፋብሪካ ሰፈሮች ናቸው፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተው በደባልነት የሚኖሩ ወጣቶች በእንዲህ ያለ ሰፈር ብርቅ አይደሉም። ከእነዚያ መካከል ለበዓል ወደ አገር ቤት የማይሄድ፣ ከዘመድ ስልክ የማይደወልለት ልጅ ሊኖር ይችላል። ጎረቤት ዝምተኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከማሳደጊያ የወጣ ልጅ ግን ታሪኩን ለማንም ቢናገር ይንቁኛል ወይም ያዝኑልኛል ብሎ ስለሚሰጋ፣ ዝምታው ብዙ ጊዜ ከዚያ የመጣ ነው።

ይህ ልጅ ከግቢው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ቤት ሊከራይ ሲሄድ ደላላው ወይም አከራይዋ «ተያዥ አለህ?» ይሉታል። ሥራ ሊቀጠር ሲሄድም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ተቀባይ፣ ንብረት ክፍል፣ ሾፌር፣ ጥበቃ፣ ብቻ እጁ ላይ ንብረት የሚያርፍ ሠራተኛ ሁሉ ዋስ ይጠየቃል። ዋሱ ደግሞ እንዲሁ የተገኘ ሰው አይሆንም፤ ደመወዙን የሚያጽፍ ቋሚ ሠራተኛ፣ አለዚያም የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ያለው ሰው መሆን አለበት። ሌላው ወጣት አጎቱን ይለምናል፣ የአባቱን ጓደኛ ያስለምናል፣ የእናቱ ዕድርተኛ ትፈርምለታለች። አብረውት ያደጉት ሁሉ እንደ እሱ ባዶ እጃቸውን የወጡ ከሆኑ፣ እሱ ማንን ይጥራ? ሠርተፍኬቱ በእጁ፣ ጉልበቱም በገላው እያለ፣ የሚፈርምለት ሰው በማጣቱ ብቻ ሥራው ያልፈዋል።

እዚህ ላይ እያንዳንዳችን የራሳችንን ቤት እንመልከት። በአገራችን 18 ዓመት ሞላህ ተብሎ ከቤት የሚወጣ ልጅ የለም። ወንዱም ሴቷም ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ሥራ ይዘው፣ ብዙዎቹም እስኪያገቡ ድረስ ከወላጅ ጋር ይኖራሉ። ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶት እናቱ የምታበላውን ልጅ ማንም አይነቅፍም። ሥራው ቢበላሽበት ተመልሶ የሚተኛበት አልጋ አለው። አባትና እናት የሌለውን ልጅ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድመን ራስህን ቻል እንለዋለን። ይህ ትክክል አይደለም። በሕግ የተፈቀደ ስለሆነ ብቻ ትክክል ሊመስለን አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ነው። ያ ዕድሜ ሲሞላ የአሳዳጊና የሞግዚት ሥልጣን ያበቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ መንግሥት አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ ደኅንነታቸውንና ትምህርታቸውን የሚያራምዱ ተቋማት እንዲመሠረቱም እንዲያበረታታ ይደነግጋል። ሁለቱም ድንጋጌዎች የሚናገሩት ስለ ሕፃን ነው። ልጁ 18 ዓመት ከአንድ ቀን ሲሆነው በማን ኃላፊነት ሥር እንደሚውል በግልጽ ተጽፎ አይገኝም። ክፍተቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አዲስ አበባ በከተማ አስተዳደሩ ሥር የሚተዳደሩ የታወቁ ማሳደጊያዎች አሏት። ክበበ ጸሐይ ጨቅላዎችንና ትንንሽ ሕፃናትን ያሳድጋል፤ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ሴቶቹ ወደ ቀጨኔ፣ ወንዶቹ ወደ ኮልፌ ይዛወራሉ። መንግሥታዊ ያልሆኑትም ብዙ ናቸው። ኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደሮች በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በሰሜኑ ረሃብ ዘመን በመቀሌ ሲሆን፣ ልጆች በአንድ እናት ሥር እንደ ወንድምና እህት ሆነው በአንድ ቤት እንዲያድጉ ያደርጋል፤ ጎረምሳ ሲሆኑም ወደ ወጣቶች ቤት ያሸጋግራቸዋል። የክብር ዶክተር አበበች ጎበና ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ በሄዱበት ጊዜ በረሃብ የተጎዱ ሕፃናት አይተው፣ ሁለቱን ይዘው ተመለሱ፤ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበራቸው ከዚያ ተወለደ። እኚህ እናት በ2013 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ እስካረፉበት ቀን ድረስ ልጆቹን ከመመገብ አልፈው ሙያ ማስተማርን የሥራቸው አካል አድርገውት ነበር። ልብ በሉልኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሕፃናት ቤታቸው ያስገቡት ድርጅት ከማቋቋማቸው በፊት፣ በእናትነት ነው። ለዚህም ነው በእሳቸው እጅ ያደጉ ሰዎች ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላም እናቴ እያሉ የሚጠሯቸው።

ከዚህ ሌላ በታሪካችን ልንማርበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ የሕፃናት አምባ ነገር። በደርግ ዘመን፣ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡና የተፈናቀሉ ልጆች በስምጥ ሸለቆ፣ በአላጌ በተሠራው የሕፃናት አምባ ተሰብስበው ያድጉ ነበር። ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ የሚያሳድጓቸው ሰዎች ነበሯቸው፣ መንግሥትም የእኔ ልጆች ናቸው ብሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አምባውም እንደቀድሞው አልቀጠለም። ልጆቹ በድንገት ያለ አሳዳጊ ቀሩ። ያደጉት ዛሬም ራሳቸውን የአምባ ልጆች ይላሉ፤ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ፣ ይረዳዳሉ። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። ለልጁ የገባነው ቃል ተቋሙ ሲዘጋ ወይም ዕድሜው ሲሞላ የሚያበቃ ከሆነ ጉዳቱ የሚወድቀው ልጁ ላይ ነው። ደግሞም አብረው ያደጉ ልጆች አንዱ ለሌላው ዘመድ ነው። ማሳደጊያዎቻችን ልጆችን ሲያስወጡ አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ ከሚበትኑ፣ ተቀራርበው እንዲኖሩ ቢረዷቸው ብዙ ይጠቅማል።

ጉዳዩን አሁን አንገብጋቢ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1070 የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀርቷል። ብዙ በደል ይሰማ ስለነበር የውሳኔውን ምክንያት እንረዳለን። ነገር ግን ቀድሞ ቢሆን ወደ ውጭ ይሄዱ ከነበሩት ልጆች መካከል የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ወይም አደራ ቤተሰብ ያላገኙት በማሳደጊያ ቀርተዋል። በዚያ ዓመት የ5 ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ በ2023 ዓ.ም. 18 ዓመት ይሞላዋል። የሁለት ዓመቷ በ2026 ትደርሳለች። የሚወጡበት ቀን ከአሁኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ ድንገት ደረሰብን ማለት አንችልም።

ሌሎች አገሮችስ ምን ያደርጋሉ? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወላጆቻቸው ውጭ ስለሚያድጉ ሕፃናት አማራጭ ክብካቤ መመሪያ አጽድቋል። መመሪያው ልጁ ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ ገና በማሳደጊያ ሳለ፣ ለብቻ ኑሮ ዝግጅት እንዲጀመር ይጠይቃል። በተቻለ መጠንም ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱን እንዲችል የሚያግዝ አንድ ሰው ይመደብለት ይላል። በዚያው ዓመት የእኛም አገር የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር የራሱን የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። የተቋም ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ እንዲሆንና ልጆች በተቻለ መጠን ወደ ቤተሰብና ወደ ማኅበረሰብ እንዲመለሱ ይመክራል።

በዝርዝር ልናየው የሚገባን ግን የእንግሊዝ አሠራር ነው፤ ምክንያቱም ኃላፊነቱን የሚሸከመው የአካባቢው ምክር ቤት ነው፣ እኛ ዘንድ ክፍለ ከተማና ወረዳ እንደምንለው ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሕግ ምክር ቤቱ ከማሳደጊያ ወይም ከአደራ ቤተሰብ ለሚወጣው ወጣት አማካሪ ይመድብለታል፣ ከወጣቱ ጋር ተነጋግሮም የመሸጋገሪያ ዕቅድ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሕግ ደግሞ ይህ አማካሪ ወጣቱ ከፈለገው እስከ 25 ዓመቱ ድረስ አብሮት እንዲቆይ ተደርጓል። በአደራ ቤተሰብ ያደገ ልጅ ሁለቱም ወገን ከተስማሙ እስከ 21 ዓመቱ እዚያው ቤት መኖር ይችላል። ለመጀመሪያ ቤቱ ዕቃ መግዣ እስከ 3,000 ፓውንድ የሚደርስ ድጎማ አለ። ከሁሉ በላይ ግን፣ አንዳንድ ምክር ቤቶች ለወጣቱ የቤት ኪራይ ራሳቸው ዋስ ሆነው ይፈርማሉ። ሕጉ ምክር ቤቱን እንደ ወላጅ ስለሚቆጥረው ወላጅ የሚያደርገውን ያደርጋል ማለት ነው። እዚያም ችግሩ አልጠፋም፤ ከማሳደጊያ የወጡ ወጣቶች ቤት አጥተው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ወጣቱ ሲቸገር የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል።

የእኛ ወረዳ የእንግሊዝ ምክር ቤት በጀት የለውም፤ እናውቃለን። ቢሆንም ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ የሚሠሩ ሥራዎች አሉ፤ ብዙዎቹም በወረዳው እጅ ናቸው።

አንደኛው ወረቀት ነው። ከኮልፌ ወይም ከቀጨኔ ወጥቶ ገላን ቤት የተከራየ ወጣት የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ያስፈልገዋል፤ አዲሱ ወረዳ ደግሞ የሚኖርበትን ቤት ማስረጃ ይጠይቀዋል። አከራዩ አላስመዘግብም ካለ ወጣቱ መሐል ላይ ይቀራል። መታወቂያ ከሌለ ደግሞ ሥራ የለም፣ ሲም ካርድ የለም፣ ብድር የለም። በአዲስ አበባ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ቁጥር ይጠየቃል። ማስረጃ የሌለው ሰው ለፋይዳ በምስክር እንዲመዘገብ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለእነዚህ ልጆች ትልቅ በር ነው። ማሳደጊያው ልጁ ገና በግቢው ሳለ የልደት ምስክር ወረቀቱንና ፋይዳውን አስጨርሶ፣ መሸኛውን አስይዞ ቢያስወጣው፣ ተቀባዩም ወረዳ አንድ ሠራተኛ መድቦ ቢጠብቀው፣ ይህ ሁሉ መጉላላት ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ቤት ነው። በአዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ሰፊ ምዝገባ የተደረገው በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ 20 ዓመት የሆነው ወጣት በ2005 ሕፃን ነበር፤ ስሙን አስመዝግቦ ቁጠባ የሚጀምርለት ወላጅም አልነበረውም። በዕጣው ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ድርሻ ተይዞ ነበር። ከማሳደጊያ ለሚወጡት ግን የተያዘ ድርሻ አልነበረም። ስለዚህ የሚቀረው ኪራይ ነው። እዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ እያንዳንዱ ተከራይ ሊያውቀው ይገባል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መጠየቅ አይቻልም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል የተባለ ወጣት ይህን አውቆ ወደ ወረዳው መሄድ መብቱ ነው። የእኔ አሳብ ደግሞ ወረዳው ከሚያስተዳድራቸው የቀበሌ ቤቶች ጥቂቶቹን ለሁለትና ለሦስት ዓመት መሸጋገሪያ እንዲሆኑ ለእነዚህ ወጣቶች ቢይዝ የሚል ነው። ሁለት ሦስት አብረው ያደጉ ልጆች አንዱን ቤት ይጋሩታል፤ ሥራ ሲይዙ ለቀጣዩ ይለቃሉ።

ሥራን በተመለከተ በየወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ፣ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራሙም ሥራ አጥ ወጣቶችን ከድርጅቶች ጋር አገናኝቶ ለተወሰኑ ወራት በሥራ ላይ ያለማምዳል። እነዚህን ሁሉ አዲስ ማቋቋም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የማሳደጊያ ልጆች በመመዝገቢያው ላይ ቅድሚያ እንዲያገኙ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ተያዡ። ብዙ ሰው ዋስ መሆን ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፣ ለሰው ፈርሞ ቤቱ የተሸጠበት አለና። ስለዚህ ሕጉን እንወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ የሚደረግ መሆን እንዳለበት፣ ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተወሰነ ደግሞ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህ ማለት እናንተ እስከ ይህን ያህል ብር ብላችሁ ወስናችሁ መፈረም ትችላላችሁ፤ ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቃችሁም። መጠኑ ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። መጠኑ ከተጻፈ ግን፣ አቅማችሁ በሚፈቅደው ልክ ለአንድ ወጣት ተያዥ መሆን ዕድሜ ልክ የሚያስጨንቅ ዕዳ አይደለም።

ወረዳው ራሱ ዋስ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ክፍለ ከተማው አነስተኛ የዋስትና ገንዘብ ይያዝ፤ ከማሳደጊያ በወጣው ልጅ ስም ለአከራዩና ለቀጣሪው ደብዳቤ ይጻፍ፤ እስከ ተወሰነ መጠንና እስከ ተወሰነ ጊዜ ኃላፊነት ይውሰድ። ገንዘቡ የሚወጣው ጉዳት ከደረሰ ብቻ ነው። ልጁን አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ባሕርይውን አውቆ ያስወጣው መንግሥት ራሱ ካላመነው፣ አከራይዋ እንዴት ትመነው? በማሳደጊያው ግቢ ለዓመታት በልጁ ላይ የወጣው ወጪ በአንድ ፊርማ እጦት ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል፤ ልንታገሠውም አይገባም እላለሁ።

ስለ ሴቶቹ ለብቻው ልናገር። ለብቻዋ የወጣች የ18 ዓመት ልጅ «እኔ እረዳሻለሁ» የሚላት ብዙ ነው። ቤት ስላጣች ከማትፈልገው ሰው ጋር የምትጠጋ፣ ደላላ ወደ ዓረብ አገር የሚሰዳት፣ ሰው ቤት ገብታ ደመወዟ የሚከለከል ትኖራለች። ለእሷ የተዘጋጀ ክፍልና በየሳምንቱ የምትደውልላት አንዲት ትልቅ ሴት፣ ስትወጣ ከሚሰጣት የመቋቋሚያ ገንዘብ ይበልጥ ይጠብቋታል። መቋቋሚያው በጥቂት ወራት ያልቃል። አካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ደግሞ 18 ሲሞላቸው በፍጹም መለቀቅ የለባቸውም፤ ለእነሱ የሚቀጥል ክብካቤ ነው የሚያስፈልገው።

ማሳደጊያ ውስጥ ለምትሠሩ እህቶችና ወንድሞችም አንድ አሳብ አለኝ። ምግብ በሰዓቱ በሚቀርብበት ግቢ ያደገ ልጅ ሽንኩርት በስንት እንደሚገዛ ላያውቅ ይችላል። ከ14 ወይም ከ15 ዓመቱ ጀምሮ ገበያ ይውጣ፣ ሽሮውን ይሥራ፣ የመብራት ሒሳብ በቴሌብር ይክፈል፣ ትንሽ ገንዘብ በእጁ ይያዝና ይሳሳትበት። በግቢው ሳለ ቢሳሳት የሚያርመው አለ።

ይህን ዝግጅት የምትከታተሉ፣ በቅርቡ ከማሳደጊያ የምትወጡ ልጆች፣ ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀቶቻችሁን ጠይቁ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሕክምና ታሪክ፣ ፋይዳ፣ መሸኛ። እያስቸገርን ነው ብላችሁ አትፈሩ። የወንድሞቻችሁንና የእህቶቻችሁን ስልክ ያዙ። አዲሱ ወረዳችሁ እንደደረሳችሁ ወደ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ከየት እንደመጣችሁ ተናገሩ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባውንም አትርሱ፣ ሕመም ቀጠሮ አይሰጥም።

በገላን የምትኖሩ አድማጮቻችንም ሆናችሁ በሌሎች የጋራ መኖሪያ ቤቶች ያላችሁ፣ የሕንፃ ኮሚቴና ዕድር አላችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ አስይዙ፤ በብሎካችን ከማሳደጊያ የወጣ ወጣት አለ ወይ፣ ካለስ ዕድሩ ያለ መመዝገቢያ ክፍያ ሊቀበለው ይችላል ወይ የሚል። ልጁ ሲያገባ ሽማግሌ የሚሆኑለት፣ ሲታመም የሚያስታምሙት እነዚህ ጎረቤቶች ናቸው። ወደ ወረዳችሁም ሄዳችሁ ከማሳደጊያ የወጡ ወጣቶች ዝርዝር እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ እንዲዘጋጅ አመልክቱ፤ ቋሚ ሥራ ያላችሁ ደግሞ እስከ ተወሰነ ብር ድረስ ለአንዱ ተያዥ ለመሆን ስማችሁን አስይዙ።